ጥያቄው ሳያልቅ

ገነቴን ሆሳዕና ውስጥ የማያውቃት ካለ ለከተማው እንግዳ ነው። ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው ሰፈር በጠዋት ብትወጡ ስትሄድ ታገኟታላችሁ፤ ስትሄድ ስል ስትሮጥ ማለቴ ነው። የሴትዮዋ እግር አንድ ቦታ አይረጋም። ሰላም ልትሏት አፋችሁን ስትከፍቱ «ደህና ነኝ፣ ልጆቹም ደህና ናቸው፣ ቸኩያለሁ» ብላ ታልፋችኋለች። እናንተ ገና «እንደም...» ላይ ናችሁ። ምን ታደርጓታላችሁ! አንዳንዱ ሰው ይቀየማታል፣ ንቃኝ ነው ይላል። እኔ ግን ስለማውቃት እናገራለሁ፤ ክፋት የሚባል ነገር የላትም። የሰው ጥያቄ እስኪያልቅ መጠበቅ ግን ነፍሷ አይችልም።

ይህ አመሏ ከሺንሺቾ የመጣ ነው። እዚያ ተወልዳ አደገች፣ እዚያው አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በመጽሐፍ ቅዱስ ጥያቄና መልስ ውድድር ስሟ ገነነ። ውድድሩን ያላያችሁ ካላችሁ ልንገራችሁ። ሁለት አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት ይቀመጣል፣ ከየአጥቢያው የተመረጡ ወጣቶች ይደረደሩበታል፣ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ጥያቄ ያነባል፣ ቀድሞ እጁን ያወጣ ይመልሳል። ቀድሞ ነው! እውቀቱማ ሁሉም ጋ አለ፤ በዚያ አገር ሰንበት ትምህርት ቤት ሳይገባ ያደገ ልጅ ከየት ይመጣል? የሚያሸንፈው ጥያቄው ሳያልቅ ወዴት እንደሚሄድ የገመተ ነው። ገነቴ ደግሞ ለዚህ የተፈጠረች ናት። አንድ ጊዜ አንባቢው «ሙሴ ከፈርዖን ሸሽቶ ምድያም ምድር በደረሰ ጊዜ...» ሲሉ እጇ ተወርውሮ ወጣ። «ሲፓራ!» ብላ ጮኸች። ሽማግሌው ወረቀቱን አዩ፣ መነጽራቸውን አስተካከሉ፣ እንደገና አዩ። «ያገባት ሴት ስሟ ማን ነበር ነው የሚለው...» አሉ። «ትክክል ነው።» እልልታው ቆርቆሮውን ሊያነሳው ምንም አልቀረው።

ያን ቀን ከፊት ለፊቷ አግዳሚ ላይ ከሆሳዕና የመጣ እንግዳ ቡድን ነበር፤ ከእነሱ መካከል ማቴዎስ የሚባል ረጅም፣ ዝምተኛ ልጅ። እንደ እሱ መልሱን የሚያውቅ አልነበረም። ችግሩ ጥያቄው እስኪያልቅ ይጠብቃል፣ ካለቀ በኋላ ደግሞ ያስባል፤ እጁን ሲያወጣ ገነቴ መልሳ ተቀምጣለች። ውድድሩ አብቅቶ ሰው ሲበተን ደጅ ላይ አገኛትና «እህቴ፣ ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ...» ሲላት «ገነቴ እባላለሁ፣ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ነኝ፣ እጮኛ የለኝም» አለችው። ምስኪን! የፈለገው የሆሳዕና መኪና የት እንደሚቆም ለመጠየቅ ነበር። መኪናው አመለጠው፣ ጨዋታው ግን ቀጠለ። በኋላ ሽማግሌ በላከ ጊዜም፣ የተላኩት ሰዎች እንደ ወጉ ስለ ዝናቡና ስለ እህሉ እየተጨዋወቱ ገና ወደ ጉዳያቸው ሳይገቡ፣ ከውስጥ ክፍል «እሺ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። አባቷ ያን ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው ይወዱ ነበር። እስከ ዛሬ ሺንሺቾ ውስጥ ሽማግሌ በተቀመጠ ቁጥር ይቺ ወሬ ሳትነሳ አትቀርም።

ተጋቡና ሆሳዕና ገቡ። እሷ በከምባትኛ እሱ በሃዲይኛ ስላደጉ ቤታቸው በአማርኛ ቆመ። እሷ ትናገራለች፣ እሱ ይሰማል፤ ተስማምቷቸው ኖሩ። አሞጽ ተወለደ፣ ቤቴል ተከተለች። ቤቴል ገና ስትድህ ማቴዎስ እንደ ሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። ሆሳዕና ላይ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። ወንድሙ ወይ አጎቱ ወይ ባሏ እዚያ የሌለበት ቤት ፈልጋችሁ አታገኙም። ፎቁን የሠሩት እነሱ ናቸው፣ ባጃጁን የገዙት እነሱ ናቸው፣ እሁድ እሁድ በጸሎት ስማቸው የሚጠራው የእነሱ ነው። ማቴዎስም ከአንድ ትልቅ ከተማ ወጣ ባለ ሰፈር ሱቅ ከፈተ። ልጆቹ አባታቸውን በስልክ አወቁት።

እንዲህ እንዲህ ሲል ዓመታት አለፉና አንድ ቀን «ፕሮሰስ ልጀምርላችሁ፣ እናንተም ኑ» አላት። ገነቴ ክው አለች። እሷ አገሯን ለቃ የትም መሄድ አትፈልግም። እዚያ ሱቅ እንደሚዘረፍ፣ ሰው በጥይት እንደሚመታ ለቅሶ ቤት ተቀምጣ ስንት ጊዜ ሰምታለች። ልጆቿን ይዛ እዚያ? በሕልሟም አይሞከርም።

«ቆይ!» አለችው። «እኔ መንግሥት መሥሪያ ቤት ልቀጠር። የማይቋረጥ ደመወዝ ቤታችን ይግባ። ከዚያ አንተ ትመጣለህ እንጂ እኛ አንሄድም።»

«ካልተቀጠርሽስ?»

«ካልተቀጠርኩ እመጣለሁ።»

ይህን ቃል ስትሰጥ እንኳ ትንፋሽ አልወሰደችም። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ነው ምን እንዳለች የገባት። ነገሩ በዚህ ተቋጨ፤ ሥራ ከተገኘ ትቀራለች፣ ካልተገኘ ሻንጣ ነው።

ሥራው ደግሞ የት ይገኛል? የማኔጅመንት ዲግሪዋን በፕላስቲክ ይዛ ያላንኳኳችው በር የለም። ከተማዋ የክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ቢሮ በዛ፣ ቢሮ ሲበዛ ሥራ ፈላጊ ከእጥፍ በላይ በዛ። ከሀደሮ፣ ከሙዱላ፣ ከየት ከየት የመጣ ተመራቂ ማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ቆሞ ይውላል። በመጨረሻ አንድ ቢሮ አንድ ማስታወቂያ አወጣ። የትምህርት ዓይነት ማኔጅመንት፣ የሥራ ልምድ አይጠይቅም። የጽሑፍ ፈተናው ጠቅላላ እውቀት ነው፤ እሱን ያለፈ ቃለ መጠይቅ ይገባል። ገነቴ አንብባ ሳትጨርስ ወደ ሃቢባ ሱቅ በረረች።

«ወጣ! ጠቅላላ እውቀት ነው! በቃ ያለቀለት ነገር ነው!»

«ምዝገባው እስከ መቼ ነው?» አለቻት ሃቢባ።

አላየችውም። ተመልሳ ሄደች። ምዝገባው የት እንደሆነ ስትጠይቃት ደግሞ ሌላ ዙር ሄደች።

ሃቢባ ቤተሰቦቿ ከጉራጌ አገር መጥተው እዚህ የከበሩ፣ እሷም የአባቷን ሱቅ ተረክባ የያዘች ሴት ናት። ግድግዳ ለግድግዳ ጎረቤት ናቸው። አንዷ ቤተ ክርስቲያን፣ አንዷ መስጊድ ትሄዳለች፣ ሆዳቸው ግን አንድ ነው። እናም ከዚያ ቀን ጀምሮ የሃቢባ ሱቅ ትምህርት ቤት ሆነ። ሃቢባ ጠርዙ የተበላ የጠቅላላ እውቀት መጽሐፍ ዘይት ጀሪካኑ ላይ ዘርግታ፣ በአንድ እጇ ስኳር እየመዘነች ትጠይቃለች። ገነቴ ባንኮኒው ላይ ተደግፋ፣ መደገፍ ከተባለ፣ ግራና ቀኝ እየተወዛወዘች ትመልሳለች።

«በኢትዮጵያ ከፍተኛው...»

«ራስ ዳሽን!»

«ተራራ ልል እንደሆነ በምን አወቅሽ?»

«ሌላ ምን ልትዪ ነው?»

«ወላሂ አንቺ ሴትዮ ታሳብጂኛለሽ። እሺ፣ ከዓለም አገሮች በስፋቷ ትን...»

«ቫቲካን!»

ሳሙና ሊገዛ የገባው ሁሉ በዚህ ይጠመዳል። አንድ ቀን ሃቢባ ኢትዮጵያ ስንት ክልሎች እንዳሏት ጠየቀች። ባጃጁን ደጅ አቁሞ ካርድ የሚገዛው ሾፌር አሥራ ሁለት አለ። አንድ አዛውንት ዘጠኝ ነው የምናውቀው አሉ። ምላጭ የሚገዛ መምህር መጀመሪያ ዘጠኝ ነበር፣ ከዚያ አሥር ሆነ፣ ከዚያ አሥራ አንድ ሆነ እያለ በጣቱ ሲቆጥር ወረፋው ደጅ ደረሰ። ሃቢባ የመልሱን ገጽ ገለጠች።

«ዘጠኝ ይላል» አለች።

«ወይ ጉድ!» አለ ሾፌሩ። «የቆምንበትን ክልል መጽሐፉ አያውቀውም ማለት ነው?»

ሱቁ በሳቅ ሞላ። ገነቴ ግን አልሳቀችም፤ ቀልቧ ተገፈፈ። ፈታኞቹ ጥያቄውን ከዚህ አሮጌ መጽሐፍ ያወጡት እንደሆነስ? ዘጠኝ ብትል ትሳሳታለች፣ አሥራ ሁለት ብትል እነሱ ተሳስተው ይጥሏታል! ቀኑን ሙሉ ይህንኑ ስታመነዥግ ዋለች። ወጥ እየሠራች «አሥራ ሁለት» ትላለች፣ ልብስ እያሰጣች «ዘጠኝ» ትላለች። በመጨረሻ ሃቢባ ተቆጣች።

«አንቺን የሚፈትንሽ ክልሉ ራሱ አይደለም እንዴ? ሰው ራሱን ይረሳል? ይልቅ ስሚኝ ገነቴ። እውቀቱ ሞልቶልሻል። ያጣሽው ጆሮ ነው። እባክሽ ጥያቄውን አስጨር...»

«እሺ» አለች ገነቴ።

በዚያ ሰሞን ማቴዎስ ቶሎ ቶሎ መደወል አመጣ። ድሮ ሱቁን ዘግቶ ከመሸ ነበር የሚደውለው። አሁን በጠራራ ፀሐይ ይደውላል፣ አንዳንዴም ከማታውቀው ቁጥር። የሚልከውም ነገር ዘገየ። ሠራተኛ ቀጥሮ ይሆናል፣ ስልኩ ተሰብሮ ይሆናል፣ ባንኩ አስቸግሮት ይሆናል፤ ራሷ ጠየቀች፣ ራሷ መለሰች፣ አለፈችው።

«ገነቴ» ይላል በዚያ ዝግ ባለ ድምፁ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር...»

«አውቀዋለሁ ማቴ! አይሆንም!»

«አይ፣ ነገሩ እኮ...»

«ነገሩ ገብቶኛል። አይሆንም ብያለሁ፣ አሁን አይሆንም። ፈተናዬን ልጨርስና እናወራለን። እስከዚያ አርፈህ እዚያው ሥራህን ሥራ። ልጆቹ ደህና ናቸው፣ አሞጽ ጥርሱን ነቅሏል፣ ቤቴል ጉንፋን ይዟት ነበር ተሽሏታል።»

ማቴዎስ «እሺ» ይላል። ይዘጋል። እሷ ደግሞ ስልኩን ሶፋው ላይ ወርውራ ቤት ውስጥ ወዲህ ወዲያ ትላለች። «ቸኩሏል!» ትላለች ለሃቢባ። «ሻንጣችንን ሊያሸክፈን ቸኩሏል! ፈተናዬን እስክጨርስ እንኳ አይታገሰኝም?» እሑድ ቤተ ክርስቲያን ተነስታ የጸሎት ርዕስ አስያዘች፤ ጌታ በሩን እንዲከፍትላት፣ የባሏንም ልብ እንዲያበርድላት። ጉባኤው አሜን አለ። ስንት ጊዜ እንደደወለ፣ ስንት ጊዜ «አይሆንም» እንዳለችው እኔም አልቆጠርኩትም፣ እሷም አልቆጠረችውም።

የፈተናው ቀን ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ገነቴ ወረቀቱን ስትገልጥ ሁሉም የምታውቃቸው ሆኑባት። የድሮ ወዳጆቿን መንገድ ላይ ያገኘች ነው የመሰላት። እጇ ከዓይኗ ቀደመ። የመልስ መስጫውን እያጠቆረች ገሰገሰች፤ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁለተኛውን ገጽ ሳይገልጥ እሷ ተነስታ አስረከበች። ፈታኙ ልጅ «ሰዓት አለሽ እኮ፣ አንዴ ብታዪው?» ቢላት «አይቼዋለሁ» ብላ ወጣች። ደጅ የዛፍ ጥላ ሥር ቆማ በሆዷ ደመወዟን ተቀበለች፣ ለልጆቹ ጫማ ገዛች፣ ማቴዎስን አየር ማረፊያ ሄዳ ተቀበለችው።

ከዚያ ሌሎቹ ወጡ። እንደ ተፈታኝ ሁሉ ተሰብስበው መልስ ማመሳከር ያዙ።

«ያቺን በአፍሪካ በሕዝብ ብዛት የምትለዋን ምን አላችሁ?» አለ አንዱ።

«ናይጄሪያ!» አለች ገነቴ መሃላቸው ገብታ።

ልጆቹ ተያዩ። «አንደኛዋማ ናይጄሪያ ናት» አለች አንዲት ቀጭን ልጅ። «ጥያቄው በሁለተኛ ደረጃ የምትገኘው አገር ነው የሚለው። ኢትዮጵያ ነው መልሱ።»

ገነቴ በሁለተኛ ደረጃ የሚል ነገር አላየችም። ዓይኗ እዚያ አልደረሰም። እንግዲህ ሌሎቹስ? ግማሹን ብቻ አንብባ የመለሰቻቸው ሁሉ ጫፋቸው ላይ ምን ነበር? ወደ አዳራሹ መለስ አለች፤ በሩ ተዘግቷል።

«ያ አላህ!» አለች ሃቢባ ስትሰማ፣ አፏን በሻሿ ጫፍ ይዛ። «አገርሽን ለናይጄሪያ ሰጠሻት?» ልትስቅ ነበር፤ የገነቴን ፊት ስታይ ተወችው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰሞን አታንሱብኝ። ሽሮው ያራል፣ ልብሱ ገመድ ላይ ዝናብ ይመታዋል። እናቷን ልትጠይቅ ሺንሺቾ ትሄድና ሳትቀመጥ ትመለሳለች፤ ውጤት የተለጠፈ ይመስላታል። ጠዋት ሰሌዳው ጋ፣ ከሰዓት ሰሌዳው ጋ። ዘበኛው ገና ከሩቅ ሲያያት እጁን ያወዛውዝላት ጀመር፤ የለም ማለቱ ነው። ማቴዎስ ሲደውል «ገና ነው!» ብላ ትዘጋበታለች።

ውጤቱ የተለጠፈ ቀን ሃቢባ ሱቋን ዘግታ አብራት ሄደች። ሰው ተጨናንቋል። ገነቴ ተሽሎክሉካ ገባች፣ ከላይ ያሉትን ስሞች አየች፣ የሷ የለም። እንባዋ መጣ። ዞር ብላ ሰውን እየገፋች ስትወጣ ሃቢባ ክንዷን ያዘች።

«ወዴት ነው? ዝርዝሩ አላለቀም እኮ!»

እየጎተተች መለሰቻት። ሃቢባ በጣቷ እያንዳንዱን ስም እየነካች ወረደች፣ ወረደች፣ ወረቀቱ ሊያልቅ ሲል ቆመች። ገነቴ። ቃለ መጠይቅ እንዲገቡ ከተጠሩት ጭራ ላይ፣ ግን ገብታለች። ሁለቱ እዚያው ሰው መሃል ተቃቅፈው ዘለሉ።

«አሁን እግዜርሽም አላህም አንድ ዕድል ሰጥተውሻል» አለች ሃቢባ ወደ ቤት ሲመለሱ። «እዚያ ስትገቢ ምላስሽን ንከሺው። ይድማ! የሰውየው አፍ እስኪከደን ትንፍሽ እንዳትዪ።»

ቃለ መጠይቁን የሚመሩት አቶ ወልደሰንበት የሚባሉ፣ ጡረታቸው የደረሰ፣ ቃል እየመዘኑ የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ከአንዱ ቃል ወደ ሌላው እስኪሻገሩ ሰው አንድ ሻይ ጠጥቶ ይጨርሳል። ግራና ቀኛቸው ሁለት ባልደረቦቻቸው ተቀምጠዋል። ገነቴ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እንግዲህ ልጄ» አሉ፣ «ደንቡ... አንድ ነው። ጥያቄውን አንብቤ... ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ... ያኔ ትመልሻለሽ። እስቲ ስለ...»

«ገነቴ እባላለሁ፣ የተወለድኩት ሺንሺቾ...»

አቶ ወልደሰንበት ወረቀቱን ከፍ አድርገው አሳዩአት። «እጄ ላይ ነው» አሉ። ባልደረቦቻቸው ሳቃቸውን ዋጡ። ገነቴ በልቧ በቃ፣ ከእጄ ወጣ አለች። የልጆቿ ፊት ታያት፤ ሻንጣ ላይ ተቀምጠው፣ አውሮፕላን ማረፊያ። ሁለት እጇን ከጭኗ ሥር አስገብታ ተቀመጠችባቸው፤ እንደ ድሮው ተወርውረው እንዳይወጡ።

ሁለተኛውን ወረቀት አነሱ። «በኢትዮጵያ... ካሉት ሐይቆች...»

ጣና! አለ ሆዷ። ምላሷን ነከሰች።

«...በስፋቱ ትልቁ ከሆነው...»

ጣና ነው! ጣና! ሰውየው ቆሙና ውሃ ጠጡ። ብርጭቆውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። እዚህ ላይ ሰው ይሞታል እኮ!

«...ከጣና ሐይቅ... የሚወጣው ወንዝ...»

ዐባይ! ዐባይ!

«...የሱዳን ዋና ከተማ ሲደርስ... የሚገናኘው ሌላው ወንዝ... ማን ይባላል?»

ወረቀቱን አስቀመጡት።

ገነቴ ወዲያው አልመለሰችም። መልሱ ጠፍቷት አይደለም። ሁለት ጊዜ ልትመልስ ነበር፣ ሁለቱም ጊዜ ስህተት ይሆን ነበር። ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው እንዴ? ጫፉ ላይ ሌላ ነገር ነው እንዴ የሚሆነው? ሁለቱ ባልደረቦች ቀና ብለው አዩዋት።

«ነጭ ዐባይ» አለች ቀስ ብላ። ድምፅዋን ራሷ አላወቀችውም።

አቶ ወልደሰንበት ራሳቸውን ነቀነቁና ሌላ ወረቀት አነሱ። የቀሩትንም ሁሉ እንዲሁ እጇ ላይ እንደተቀመጠች አስጨርሳቸው መለሰች። ስትወጣ ጣቶቿ ደንዝዘው ነበር።

ውጤቱን አሁኑኑ ልንገራችሁ፤ እናንተም እንደ እሷ እንዳትቅበጠበጡብኝ። ተጠባባቂ ሆነች። ከተመረጡት አንዱ ሌላ ቦታ አግኝቶ ሲቀር ክረምቱ ሳያልቅ ተጠራች፤ ይኸው ዛሬ ቢሮ ገብታ ባለጉዳይ ታስተናግዳለች። ባለጉዳዩን ታስጨርሳለች ወይ ትሉኛላችሁ። ትሞክራለች። ያን ቀን ግን ይህን የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም። ከግቢው በር ስትወጣ የምታውቀው አንድ ነገር ነው፤ ወይ ሥራ፣ ወይ ሻንጣ።

በሩን እንዳለፈች ስልኳ ጮኸ። የማታውቀው ቁጥር ነው፤ ማቴዎስ ነው ማለት ነው።

«ገነቴ።»

«ማቴ።»

«ፈተናሽ አለቀ?»

«አለቀ። አሁን መውጣቴ ነው።»

«እንግዲያው... አሁን ልጠይቅሽ?»

አውቀዋለሁ ልትል አፏ ተከፈተ። ኑ ሊለን ነው፣ ቃል ገብተሽልኛል ሊለኝ ነው። የአቶ ወልደሰንበት ወረቀት ትዝ አላት። ያ የተነከሰ ምላሷ አሁንም ያማታል፤ እንደገና ነከሰችው።

«ጠይቀኝ» አለች። ዝም አለች።

ማቴዎስ ይህን አልጠበቀም። ዝምታው ከመርዘሙ የተነሳ ተቋርጦ ይሆን ብላ ስልኩን አየችው። አልተቋረጠም። ባጃጅ እያጓራ አለፈ። የግቢውን አጥር ሽቦ በአንድ እጇ ያዘች።

«ሱቁ የለም» አለ በመጨረሻ።

ምን? ልትል ነበር፤ ዋጠችው።

«ከገና በፊት ነው። ዘረፉት፣ የቀረውን አቃጠሉት። እኔ ደህና ነኝ፤ እጄን ትንሽ ተጎድቼ ነበር፣ አሁን ድኗል። የአገር ልጅ ቤት ተጠግቼ ነው ያለሁት። መልሼ ልቁም ብዬ ሞከርኩ፣ አልሆነም። እና...» ትንፋሹን ሰማችው። «ልጠይቅሽ የነበረው፣ እንዲሁ ባዶ እጄን ብመጣ ትቀበይኛለሽ ወይ ነው።»

ገነቴ ሽቦውን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

«ላነሳብሽ ስል ሁልጊዜ አይሆንም አልሽ» አለ። «እዚያው ሥራህን ሥራ አልሽኝ። ወሬው ደርሷት ነው አልኩ። የሆሳዕና ልጅ እዚህ ስንት አለ፣ ሳይነግሯት አይቀሩም አልኩ። አልፈርድብሽም ገነቴ። ባል ነው ብለሽ ስትጠብቂ...»

እነዚያ ሁሉ «አይሆንም»ዎች ተራ በተራ ጆሮዋ ላይ ተመለሱ። ወጥ እያማሰለች ያለችው፣ ከሃቢባ ጋር እየሳቀች ያለችው፣ ጥርስና ጉንፋን አስከትላ ያለችው። ሱቁ ለተቃጠለበት ሰው! እጁን ለታመመ ሰው! አጥሩ ሥር ዘጭ ብላ ተቀመጠች። እንባዋ ያለ ድምፅ ወረደ።

«ገነቴ? አለሽ?»

«አለሁ።»

«መልሱ አሁን ካልመጣልሽ ግድ የለም፣ አስቢበት። ሰውም የሚለው አለ። ከደቡብ አፍሪካ ሻንጣ እንኳ ሳይዝ መጣ ሲሉ፣ አንቺም ልጆቹም መሳቂያ...»

«ና» አለችው።

«የኔም እናት ብትሆን፣ የአንቺም አባት...»

«ና! ና አልኩህ እኮ! ነገ ና!»

መንገድ የሚሄደው ሰው ዞሮ አያት፤ ግድም አልሰጣት። ማቴዎስ ሌላም የሚለው ነበረው፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ወረቀቱ፣ ስለ ሰው አፍ። አላስጨረሰችውም።